የወራጅ ውሃ ልጆች፦ የወንዝ ፍጥነት የጥቁር ዝንብን ርቢ እንዴት ይወስናል?

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ወንዝ የኑሮ ሁሉ መነሻ ነው። እናት ውሃ የምትቀዳው፣ ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ልጆች ልብስ የሚያጥቡትና የሚዋኙት፣ መንገደኛውም ለሶላት ዉዱእ የሚያደርገው ከዚያው ከወንዙ ነው። በዚያው ወንዝ ዳር ግን በቀን ብርሃን ቁርጭምጭሚት ላይ አርፋ የምትነክስ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች። ንክሻዋ ለጊዜው ከማሳከክ ያለፈ አይመስልም። ከዓመታት በኋላ ቆዳን የሚያሻክረውና የዓይንን ብርሃን እስከ መንጠቅ የሚደርሰው በሽታ ግን የሚጀምረው ከዚህ ንክሻ ነው።

በሽታው በሕክምናው ዓለም ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል፤ በተለምዶ «የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት» በሚል ስም ይታወቃል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። የወባ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውሃ ውስጥ ነው፤ ኩሬ፣ ረግረግ፣ የተጣለ ጣሳ ሁሉ ይበቃታል። ጥቁር ዝንብ ግን የወራጅ ውሃ ልጅ ናት። ውሃው በድንጋይ መካከል እየተጋጨና አረፋ እየደፈቀ ካልወረደ ዘሯ አይተርፍም። ስለዚህ የዚህች ዝንብ ታሪክ የወንዝ አወራረድ ታሪክ ነው፤ ወንዙ ሲፈጥን፣ ሲዘገይ፣ ሲሞላ፣ ሲጎድልና ሲገደብ የእርሷም ዕጣ አብሮ ይለዋወጣል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

ሴቷ ጥቁር ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው ብዙውን ጊዜ አመሻሹ ላይ፣ ወራጅ ውሃ በሚያረጥባቸው ቅጠሎች፣ ሥሮችና ድንጋዮች ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የምትጥላቸው እንቁላሎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። በሞቃታማ አካባቢ ባሉ ወንዞች እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ የሚወጣው እጭ ቀጭን ትል የሚመስል ሲሆን፣ በኃይለኛ ወራጅ ውስጥ ሳይወሰድ የሚኖርበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። ከአፉ የሐር ክር ያወጣና ድንጋዩ ላይ እንደ ምንጣፍ ይለጥፈዋል፤ ከዚያም በኋለኛው የሰውነቱ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ያንን ሐር ጨብጦ ይቆማል። አንድ ነገር ቢያስደነግጠው ድንጋዩን ለቅቆ በሐር ክሩ ይንጠለጠላል፤ አደጋው ሲያልፍ ያንኑ ክር ይዞ ይመለሳል።

እጩ ምግቡን ፍለጋ አይዞርም። ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ማራገቢያ የሚመስሉ የጸጉር ዘርፎች አሉት፤ እነርሱን ወደ ወራጁ ዘርግቶ ውሃው ይዞት የሚመጣውን የአልጌ፣ የባክቴሪያና የብስባሽ ብናኝ ያጠምዳል። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ዘርግቶ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ውሃው ከዘገየ መረቡ ባዶ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በድንጋይ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ውሃ አየር ስለሚቀላቀለው ኦክስጅኑ ብዙ ነው፤ እጩም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። በአፍሪካ ዋነኛዋ በሽታ አስተላላፊ የሆነችው ሲሙሊየም ዳምኖሰም የተባለችው የዝንብ ቡድን እጮች በብዛት የሚገኙት ውሃው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሜትር በላይ በሚወርድበት ቦታ የመሆኑ ምክንያት ይኸው ነው።

እጩ ካደገ በኋላ ከሐር በተሠራ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ፑፓ ወደሚባለው ደረጃ ይሸጋገራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ክንፍ ያወጣና በአየር አረፋ ተሸፍኖ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ይላል፤ ወዲያውም ይበራል። በሞቃት ወንዝ ይህ ሁሉ ሂደት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችላል። ወንዱ የአበባ ወለላ ቀስሞ ይኖራል። ሴቷ ግን እንቁላሏን ለማጎልመስ ደም ያስፈልጋታል፤ የሰውና የዝንብ መንገድ የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው።

ውሃ ሲጨምርና ሲቀንስ

ወንዝ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጠን አይወርድም። በክረምት ጎርፍ ሲመጣ አሸዋና ድንጋይ እያንከባለለ እጮቹን ከያዙት ቦታ ያጥባል፤ የነበሩትም ፈጣን ወራጆች በጥልቅ ውሃ ይዋጣሉ። ነገር ግን ጎርፉ ደርቀው የከረሙ ገባር ጅረቶችንም ስለሚያስነሳ፣ ዝንቧ በሌላ ቦታ አዲስ መራቢያ ታገኛለች። በበጋ ደግሞ ውሃው ሲጎድል ትንንሾቹ ጅረቶች ይቋረጣሉ፤ በትልልቆቹ ወንዞች ግን ተሸፍነው የነበሩ አለቶች ብቅ ብለው ውሃው በመካከላቸው እየተጣበበ መፍጠን ይጀምራል። ስለዚህ የዝንቧ ወቅት ከወንዝ ወንዝ ይለያያል፤ በአንዱ አካባቢ ከዝናብ ጋር ስትበዛ በሌላው ውሃ ሲጎድል ትበዛለች።

ከፍጥነቱ ሌላ የውሃው ከፍታ መለዋወጥም ትልቅ ድርሻ አለው። በርካታ የወንዝ ነፍሳት እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውሃው ከድንጋዩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ውሃው በድንገት ቢወርድ እንቁላሉ ለፀሐይ ተጋልጦ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ይህ ጉዳይ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚገኘው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ከግሌን ካንየን ግድብ በታች ወንዙ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ፍላጎትን ተከትሎ ነበር፤ ሰው ብዙ ኃይል በሚጠቀምበት ሰዓት ከፍ ይላል፣ ፍላጎቱ ሲቀንስ ደግሞ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በዚህ የዕለት ተዕለት መዋዠቅ ምክንያት በውሃ ጠርዝ እንቁላል የሚጥሉ ነፍሳት እጅግ መመናመናቸውን አሳየ። ለዓሣ፣ ለወፍና ለሌሊት ወፍ ምግብ የሚሆኑት እነዚህ ነፍሳት ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ የኃይል ፍላጎት በሚቀንስባቸው ቅዳሜና እሑድ ውሃው ዝቅ ባለና በማይዋዥቅ መጠን እንዲለቀቅ ተደረገ። በእነዚህ ሁለት ቀናት የተጣለ እንቁላል በሳምንቱ ቀሪ ቀናት ውሃው ከዚያ በታች ስለማይወርድ ሳይደርቅ የመፈልፈል ዕድል አገኘ። ከዚህ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው የወንዝ ነፍሳት ሁሉ የሰው ጠላት አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የግድብ በር አከፋፈት የአንድን ነፍሳት ዘር ሊያበዛም ሊያመነምንም እንደሚችል ነው።

የአደጋው መጠን

በጥቁር ዝንብ ረገድ የሰው ጤና ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ዝንቧ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ በቆዳው ውስጥ የሚገኙ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ትሎችን አብራ ትወስዳለች። ትሎቹ በሰውነቷ ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ አድገው ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ አቅም ያገኛሉ። ወደ ሰው ከገቡ በኋላ ያደጉት ትሎች ከቆዳ ሥር እባጭ ሠርተው ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። ሴቷ ትል በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ትሎችን ትወልዳለች፤ እነዚህም በቆዳ ውስጥ ይሰራጫሉ፤ ወደ ዓይንም ይዘልቃሉ። እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ፣ እንደ ነብር ቆዳ የሚዥጎረጎር እግር፣ ያለ ዕድሜው የተሸበሸበ ቆዳና ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ዓይን የበሽታው ምልክቶች ናቸው።

ለእ.ኤ.አ. 2017 በተሠራ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት 20.9 ሚሊዮን ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ ከእነርሱ 14.6 ሚሊዮን የሚሆኑት የቆዳ ሕመም፣ 1.15 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ የማየት ችግር ነበረባቸው። ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን የሚኖሩት በአፍሪካና በየመን ነው። በኢትዮጵያ በሽታው መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ነበር። በዚያ ከዓይነ ስውርነቱ ይልቅ የቆዳ ሕመሙ ጎልቶ ይታያል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያደረ ገበሬ ማሳው ላይ አይበረታም፤ ቆዳው የተበላሸ ወጣትም በሰው ፊት ይሸማቀቃል። ጉዳቱ በሕክምና መዝገብ ላይ ከሚሰፍረው በላይ ነው።

ግድብ ያጠፋው፣ ግድብ ያበዛው

የዓባይ ወንዝ ታሪክ ስለ ውሃ አወራረድና ስለ ጥቁር ዝንብ ብዙ ያስተምራል። በኡጋንዳ ጂንጃ ከተማ አጠገብ፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀው የኦወን ፏፏቴ ግድብ ከበላዩ የነበሩትን ፏፏቴዎች አሰጠመ። በወቅቱ ከተካሄደው የፀረ ተባይ ርጭት ጋር ተዳምሮ ዝንቧ ከዚያ አካባቢ እንድትጠፋ ምክንያት ሆነ።

ወደ ሰሜን ሲወረድ በሱዳን በረሃ ውስጥ አቡ ሐመድ የሚባል አካባቢ ይገኛል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀው እርሱ ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው የዓባይ ፏፏቴዎች መካከል ወንዙ በደሴቶችና በአለቶች እየተከፋፈለ ስለሚፈጥን፣ በበረሃ መካከል ለጥቁር ዝንብ የተመቸ መኖሪያ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ ግን አራተኛውን ፏፏቴ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ሐይቅ ሥር አደረገው። ወራጁ ቆመ፤ ድንጋዮቹ በደለል ተሸፈኑ፤ እጩ የሚይዘው ቦታም የሚያጠምደው ምግብም አጣ። ከዚያ አስቀድሞ ጀምሮ ሕዝቡ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ሲወስድ ስለነበር፣ የሱዳን ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 በአቡ ሐመድ የበሽታው ስርጭት መቋረጡን አስታወቀ።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ግድቡ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ከቀያቸውና ከቴምር ማሳቸው አፈናቅሏል። ግድብ የሚሠራው ለኤሌክትሪክና ለመስኖ እንጂ ለዝንብ ተብሎ አይደለም፤ በዝንብ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የጎንዮሽ ውጤት ነው። ይህ የጎንዮሽ ውጤት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ በጎው አያደላም።

ለዚህ የደቡብ አፍሪካው የኦሬንጅ ወንዝ ምስክር ነው። ቀድሞ በዚህ ወንዝ የደረቁ ወራት ሲመጡ ውሃው እጅግ ስለሚቀንስ እጮቹ በብዛት ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ትልልቅ ግድቦች ሲሠሩ ግን ለኃይልና ለመስኖ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ያልተቋረጠ ውሃ መለቀቅ ጀመረ። በዚህም የተነሳ ጥቁር ዝንቧ የሚያስቸግራት ደረቅ ወቅት ጠፋላት። በዚያ ያለችው ዝርያ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትን ባታስተላልፍም፣ በመንጋ እየወረረች የበግ አርቢዎችን ለከባድ ኪሳራ ዳርጋለች። በዚያው አገር በቫል ወንዝ ላይ የግድብ በር ለተወሰኑ ቀናት ተዘግቶ ውሃው እንዲጎድልና እጮቹ ድንጋይ ላይ እንዲደርቁ የተደረገበት ሙከራም አለ። በምዕራብ አፍሪካም አነስተኛ ግድቦች ሲገነቡ፣ ትርፍ ውሃ የሚፈስበት የሲሚንቶ መውረጃ ራሱ አዲስ የዝንብ መራቢያ ሆኖ ተገኝቷል። ከግድቡ በላይ የተኛው ውሃ ዝንቧን ሲያጠፋ ከግድቡ በታች የሚንደረደረው ያበዛታል ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም የወንዝ ግንባታ ሲታቀድ መሐንዲሱና የጤና ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል።

የየመን ዋዲዎች

ከቀይ ባሕር ማዶም ይኸው ታሪክ አለ። ከየመን ምዕራባዊ ተራሮች ተነሥተው ወደ ቲሃማ ሜዳ የሚወርዱ ዋዲዎች በአብዛኛው በጋ ላይ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ቢሆኑም፣ በመካከላቸው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለያቸው ክፍሎች አሉ። ሱርዱድ፣ ሪማዕ፣ ዘቢድና ረስያን ከእነዚህ ዋዲዎች መካከል ይጠቀሳሉ። ጥቁር ዝንብ የምትኖረው በእነዚሁ ክፍሎች ሲሆን፣ አንዷ የአካባቢው ዝርያ መጠሪያዋን ያገኘችው ከዋዲ ረስያን ነው።

በየመን በሽታው «ሶውዳ» ይባላል፤ ጥቁር ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ስም ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ እግር ላይ ብቻ ወጥቶ ቆዳውን ያጠቁራል፣ ያሳብጣል፣ ያለ ዕረፍት ያሳክካል። የዋዲው ውሃ የእርሻው ሕይወት በመሆኑ ገበሬው ከዝንቧ መራቅ አይችልም፤ ማሳውን የሚያጠጣው እርሷ በምትራባበት ጅረት ነው። አገሪቱ በጦርነት ውስጥ እያለችም እ.ኤ.አ. በ2016 የመድኃኒት እደላ ዘመቻ ተጀምሯል።

መድኃኒቱ፣ ማጭዱና ድንበሩ

ዝንቧን ከመራቢያዋ ለማጥፋት የተካሄደው ትልቁ ዘመቻ በምዕራብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2002 የቆየው ነው። ሄሊኮፕተሮች እጭ ገዳይ መድኃኒት በየሳምንቱ ወንዞች ላይ ይረጩ ነበር። የሳምንት ጊዜ የተመረጠው እጩ አድጎ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ለመድረስ ነው። በመጨረሻ 11 አገሮችን ያቀፈው ይህ ዘመቻ 600 ሺህ ሰዎችን ከዓይነ ስውርነት እንደታደገና ሰው ሸሽቶት የነበረ 25 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለእርሻ እንደመለሰ ይገመታል። በሰሜን ኡጋንዳ ደግሞ እጅግ ርካሽ ዘዴ ተሞክሯል፤ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በማጭድና በገጀራ ወንዙ ውስጥ የተዘናፈለውን ሣርና ቅጠል ይቆርጣሉ። እጩ የሚጣበቅበት ነገር ስለሚያጣ የዝንቧ ንክሻ በእጅጉ ይቀንሳል።

የዛሬው ዋና መሣሪያ ግን አይቨርሜክቲን ነው። አምራቹ የሜርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 መድኃኒቱን ለዚህ በሽታ እስካስፈለገ ድረስ በነጻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። የመድኃኒቱን መሠረት ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። መድኃኒቱ በቆዳ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ትሎች ይገድላል፤ ያደጉትን ትሎች ግን ለጊዜው መውለድ ያስቆማቸዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋቸውም። ለዚህ ነው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለበርካታ ዓመታት ሳይቋረጥ መወሰድ ያለበት። አንድ ጊዜ ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ መተው በሽታውን ለመመለስ በር ይከፍታል።

ዝንብና ወንዝ የአገር ድንበር አያውቁም። በኢትዮጵያ በኩል መተማ፣ በሱዳን በኩል ገላባት የሚገኙበት አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንዱ ወገን መድኃኒት ቢታደልና በሌላው ባይታደል ድካሙ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቁጥጥር ወደ ማጥፋት ግብ ከተሸጋገረች በኋላ ሁለቱ አገሮች ሥራቸውን አቀናጅተው በዚህ ድንበር ዘለል አካባቢ ስርጭቱን ማቋረጥ ቻሉ፤ በአፍሪካ በተቀናጀ የሁለት አገሮች ሥራ የተገኘ የመጀመሪያው ውጤት ተብሎም ተመዝግቧል።

ከወንዙ ርቀው ለሚኖሩ

ከጂማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከወለጋ፣ ከከፋ ወይም ከቤኒሻንጉል ተነሥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአካባቢው ለሥራ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ። በእነዚህ ከተሞች ይህንን በሽታ የምታስተላልፍ ዝንብ ስለሌለች ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥም ሆነ በልብስ አይጋባም። ነገር ግን ትሉ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ወንዙን ከተሰናበተ ዓመታት ያለፉት ሰው ሕመሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ያለው ሐኪም ይህን በሽታ ብዙም ስለማያየው አለርጂ ወይም እከክ ብሎ ቅባት ብቻ ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ ለወራት የማይለቅ ማሳከክ፣ ከቆዳ ሥር የሚዳሰስ የማያም እባጭ ወይም የዓይን መደብዘዝ ያጋጠመው ሰው ለሐኪሙ «ያደግሁት በወንዝ ዳር ነው፤ በአካባቢያችን የኦንኮሰርኪያሲስ መድኃኒት ይታደላል» ብሎ ቢናገር ምርመራው በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲጀመር ይረዳል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ተደጋግሞ በመነከስ በመሆኑ፣ በየመን በኩል ለጥቂት ቀናት ያለፈ ወይም አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ የከረመ ሰው አንድ ጊዜ ተነከስሁ ብሎ ሊሸበር አይገባም። መድኃኒቱም ያለ ሐኪም ምክር ከገበያ ተገዝቶ የሚዋጥ አይደለም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ትንንሽ ሕፃናት በእደላው ጊዜም አይሰጣቸውም።

አገር ቤት ለሚገኙ ወላጆችና ወንድሞች ስልክ ሲደወልም አንዲት ጥያቄ ማከል ይቻላል፤ «የዘንድሮውን ኪኒን ወሰዳችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ወንዙ መውረዱን አያቆምም፤ ሊያቆምም አይገባም፤ የሰውም የከብቱም የማሳውም ሕይወት በእርሱ ነውና። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የምትዋጠው ኪኒን ግን የዝንቧን ንክሻ ባታስቀርም፣ ዝንቧ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የምታሻግረው ትል እንዳይኖር ታደርጋለች።